የግሪክ ትራጀዲን ደረጃ በደረጃ መተንተን፦ «ንጉሥ ኤዲፐስ»ን ይዘን

«የኤዲፐስ ጉድለት ምንድን ነው? በአጭሩ ንገረኝ።» ፈተና ሲቃረብ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች የቴአትርና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ተውኔቱን መድረክ ላይ ለማውጣት የሚዘጋጁ ወጣቶች ናቸው። በአጭሩ ብመልስላችሁ አልጠቅማችሁም። ጥያቄው ከታች በስድስተኛው ደረጃ ላይ የሚመጣ ነው። ገና ከመጀመሪያው ከተጠየቀ መልሱ ሁሌም «ትዕቢት» ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ተውኔቱን ገልጦ የሚያይ የለም።

ስለዚህ መንገዱን ከነቅደም ተከተሉ ላስቀምጥላችሁ። መለማመጃችን የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ነው። ፈላስፋው አሪስቶትል ስለ ድርሰት ጥበብ በጻፈው «ፖየቲክስ» ላይ ምሳሌ ሲፈልግ ደጋግሞ የሚሄደው ወደዚህ ተውኔት ስለሆነ፣ ደንቡንና ሥራውን ጎን ለጎን ለማየት ይመቻል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የተውኔቱ ሙሉ ትርጉም፤ በየትኛውም በምታነቡት ቋንቋ ይሁን። በኅዳጉ ላይ የመስመር ቁጥር ያለው መሆን አለበት። ተውኔቱ 1530 መስመር ገደማ ነው።
• የ«ፖየቲክስ» ምዕራፍ 6፣ 11፣ 13 እና 14። ጥቂት ገጾች ናቸው። ከተውኔቱ በኋላ እንጂ በፊት አታንብቧቸው።
• ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ ደብተር፣ አንድ ትልቅ ወረቀት።
• ስልክ የማይጮህበት ሁለት ሦስት ሰዓት። ተውኔቱ በአንድ ቁጭታ እንዲታይ የተሠራ ነው። በሦስት ቀን ከፋፍላችሁ ካነበባችሁት ፍጥነቱ ያመልጣችኋል።

የግሪክ ቋንቋ ማወቅ ግዴታ አይደለም። የአማልክቱን የዘር ሐረግ መሸምደድም አያስፈልግም። ማጠቃለያ ብቻ አንብቦ መተንተን ግን አይቻልም። ማጠቃለያው ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ እዚህ የምንፈልገው መቼ እና በማን ፊት እንደሆነ ነው።

ደረጃ 1፦ ተውኔቱ ከመጀመሩ በፊት የሆነውን ጻፉ

ከግማሽ ገጽ አታስበልጡት። ይህን ይመስላል፦

የቴብስ ንጉሥ ላዮስ ልጁ እንደሚገድለው ተነገረው። ሕፃኑ ሲወለድ ቁርጭምጭሚቱ ተበስቶ በኪቴሮን ተራራ እንዲጣል ለእረኛ ተሰጠ። እረኛው አዘነለትና ለአንድ የቆሮንቶስ እረኛ አሳልፎ ሰጠው። የቆሮንቶስ ንጉሥ ፖሊበስና ሚስቱ ሜሮፔ እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ኤዲፐስ ካደገ በኋላ አንድ ሰካራም የአባትህ ልጅ አይደለህም አለው። ሊጠይቅ የአፖሎ አምላክ ትንቢት ወደሚነገርበት ወደ ዴልፊ ሄደ። እዚያም አባቱን እንደሚገድል፣ እናቱን እንደሚያገባ ሰማ። ወደ ቆሮንቶስ ላለመመለስ ሲሸሽ ሦስት መንገዶች ከሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ሽማግሌ ገደለ። ቴብስ ደርሶ ከተማዋን ያስጨነቀውን ጭራቅ የስፊንክስን እንቆቅልሽ ፈታ። ዙፋኑንም፣ ባሏ የሞተባትን ንግሥት ዮካስታንም አገኘ። አራት ልጆች ወለዱ።

አሁን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ያለፈ ነው። ግድያውም ጋብቻውም መድረክ ላይ የለም። ተውኔቱ ሲከፈት ከተማዋ በወረርሽኝ ተይዛለች፣ ሕዝቡ ንጉሡን አድነን እያለ ነው።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? የአቴና ተመልካች ታሪኩን በደምሳሳው አውቆት ነው የሚመጣው። እናንተም አውቃችሁት ካልገባችሁ «ቀጥሎ ምን ይሆን?» እያላችሁ ታነባላችሁ። ሶፎክልስ ግን «መቼ ያውቅ ይሆን?» እንድትሉ ነው የጻፈው።

ደረጃ 2፦ ተውኔቱን በየክፍሉ ቁረጡት

የግሪክ ትራጀዲ ገቢር የለውም። ንግግርና ዝማሬ ይፈራረቁበታል። መዘምራኑ ከመግባታቸው በፊት ያለው ፕሮሎግ ነው። ሲገቡ የሚዘምሩት ፓሮዶስ ይባላል። ከዚያ በኋላ ተዋንያን የሚነጋገሩበት ኤፒሶድ እና መዘምራኑ የሚዘምሩት ስታሲሞን እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ከመጨረሻው ዝማሬ በኋላ ያለው ኤክሶዶስ ነው። «ንጉሥ ኤዲፐስ» እንዲህ ይቆረጣል፦

ፕሮሎግ 1–150
ፓሮዶስ 151–215
1ኛ ኤፒሶድ 216–462፣ 1ኛ ስታሲሞን 463–512
2ኛ ኤፒሶድ 513–862፣ 2ኛ ስታሲሞን 863–910
3ኛ ኤፒሶድ 911–1085፣ 3ኛ ስታሲሞን 1086–1109
4ኛ ኤፒሶድ 1110–1185፣ 4ኛ ስታሲሞን 1186–1222
ኤክሶዶስ 1223–1530

ቁጥሮቹ የግሪክኛው ናቸው፤ በትርጉማችሁ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊሉ ይችላሉ።

አሁን የኤፒሶዶቹን ርዝመት አስሉ። የመጀመሪያው 247 መስመር ነው። ሁለተኛው 350፣ ሦስተኛው 175፣ አራተኛው 76። ከሁለተኛው በኋላ እያንዳንዱ ከቀዳሚው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። እውነቱ እየቀረበ ሲመጣ ትንፋሹም እያጠረ ይሄዳል። ይህን ለማየት ክፍሎቹን መቁረጥና መቁጠር ብቻ ይበቃል። የፈተና ወረቀት ላይም «ሴራው እየፈጠነ ይሄዳል» ከሚል ባዶ ዐረፍተ ነገር ይልቅ እነዚህ አራት ቁጥሮች ይናገሩላችኋል።

ደረጃ 3፦ መግባትና መውጣቱን መዝግቡ

በትልቁ ወረቀት ላይ ማን በየትኛው መስመር እንደገባ፣ በየትኛው እንደወጣ ጻፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሶፎክልስ የነበሩት የሚናገሩ ተዋንያን ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ጭምብል ያጠለቁ። መዘምራኑ 15 ነበሩ። ስለዚህ አንድ ተዋናይ ጭምብል እየቀየረ ብዙ ሰው ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ሰው ሲነጋገር አታገኙም።

አንድ ቦታ ላይ ቆም በሉ። ዮካስታ 1072 ላይ ትወጣለች። ቀጥሎ ሽማግሌው እረኛ ይመጣል፤ ኤዲፐስና ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ እዚያው ናቸው። ሦስቱ ሞሉ ማለት ነው። ሶፎክልስ ይህን የመድረክ ግዴታ እንዴት እንደተጠቀመበት ተመልከቱ። ሴትየዋ የምትወጣው ሁሉ ነገር ስለገባት ነው።

ማሳሰቢያ፦ ደም መድረክ ላይ አትፈልጉ። ዮካስታ ራሷን ስትሰቅል፣ ኤዲፐስ ከልብሷ ላይ በነቀለው መርፌ ቁልፍ ዓይኑን ሲወጋ አናይም። ከቤት የወጣ መልእክተኛ ይተርከዋል። ያንን ትረካ «ዝም ብሎ ዘገባ ነው» ብላችሁ አትዝለሉት፤ ከተውኔቱ በጣም ኃይለኛ ከሆኑት ንግግሮች አንዱ ነው።

ደረጃ 4፦ ማን ምን ያውቃል?

ሁለቱ እስክሪብቶዎች የሚያስፈልጉት እዚህ ነው። ተናጋሪው የሚናገረውን ነገር ሙሉ ትርጉም ካወቀ በሰማያዊ፣ ካላወቀ በቀይ አስምሩ። የኤዲፐስ ንግግር ከሞላ ጎደል ቀይ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ገዳዩን ይረግማል፤ ራሱን መርገሙን አያውቅም። 264 አካባቢ ደግሞ ለላዮስ እንደ ገዛ አባቴ ሆኜ እዋጋለታለሁ ይላል። ድራማዊ ምጸት የሚባለው ይኸው ነው። ተመልካቹ ያውቃል፣ ተናጋሪው አያውቅም።

ሰማያዊውን ስትከታተሉ ነው ግን ነገሩ የሚጣፍጠው። ነቢዩ ቲሬስያስ ከመጀመሪያው ያውቃል። ዮካስታ 1056 ላይ ስትደርስ አውቃለች፤ ምርመራውን ተው እያለች ትለምነዋለች። እረኛውስ? አብዛኛው አንባቢ እሱን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ሲመጣ ነው። 758 አካባቢ ያለውን መልሳችሁ አንብቡ። ከላዮስ አጃቢዎች በሕይወት የተረፈው ሰው ኤዲፐስን ዙፋን ላይ ሲያየው የዮካስታን እጅ ይዞ ከከተማ አርቂኝ፣ ወደ ግጦሽ ላኪኝ ብሎ ለምኗል። ዮካስታ ይህን የምታወራው እንደ ተራ ነገር ነው። ሰውዬው ግን የላዮስን ገዳይ ዙፋኑ ላይ አይቶታል፣ አፉንም ዘግቶ ኖሯል። ሕፃኑን በሕይወት ያስቀረው እረኛም እሱ ራሱ ነው።

ደረጃ 5፦ መገልበጡንና ማወቁን ፈልጉ

አሪስቶትል ምዕራፍ 11 ላይ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ፔሪፔቴያ ነው፤ ድርጊቱ ከታሰበለት ወደ ተቃራኒው ሲገለበጥ። ሁለተኛው አናግኖሪሲስ ነው፤ ሰው ካለማወቅ ወደ ማወቅ ሲሻገር። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲመጡ ከሁሉ ይበልጣል ይላል፤ ምሳሌው ደግሞ የኛው ተውኔት ነው።

ለማግኘት ይህን ዐረፍተ ነገር ሙሉ፦ «እገሌ … ሊያደርግ መጥቶ … አደረገ።»

የኛው እንዲህ ይሞላል። የቆሮንቶሱ መልእክተኛ ኤዲፐስን ሊያስደስትና ከፍርሃት ሊያላቅቅ መጥቶ ፍርሃቱን እውን አደረገው። መጀመሪያ ፖሊበስ መሞቱን ነገረው። ኤዲፐስ አባቴን አልገደልኩም ብሎ እፎይ አለ፤ ግን ገና እናቱን ይፈራል። መልእክተኛውም ሊያጽናናው ብሎ እነሱ እኮ ወላጆችህ አይደሉም አለው። በደግነት የተነገረ አንድ ቃል ቤቱን አፈረሰ። መገልበጡ 1016 አካባቢ ይጀምራል፤ ማወቁ 1182 ላይ እረኛው ከተናገረ በኋላ ይሞላል።

የተለመደ ስሕተት፦ «ኤዲፐስ ንጉሥ ነበረ፣ ለማኝ ሆነ፤ ይህ ፔሪፔቴያ ነው» ብሎ መጻፍ። ይህ የዕድል መለወጥ ነው። በሁሉም ዓይነት ትራጀዲ አለ። ፔሪፔቴያ የምንለው ድርጊቱ የታሰበለትን ዓላማ ገልብጦ ሲያመጣ ነው።

ደረጃ 6፦ ጀግናውን በአራት ጥያቄ ፈትኑት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። ምዕራፍ 13ን አውጡና አራቱን መመዘኛ ጻፉ።

ሀ. ታላቅ ስምና ሀብት ያለው ነው? ኤዲፐስ ንጉሥ ነው። አዎ።
ለ. በበጎነቱ ፍጹም ያልሆነ፣ ክፉም ያልሆነ ነው? ለሕዝቡ ይጨነቃል፤ ቶሎም ይቆጣል። አዎ።
ሐ. ከመልካም ዕድል ወደ ክፉ ይወርዳል? አዎ።
መ. የወደቀው በክፋት ሳይሆን በሐማርቲያ ነው?

ብዙው ሰው የሚሰናከለው «መ» ላይ ነው። ሐማርቲያን «የጠባይ ጉድለት» ብሎ ይይዝና ከኤዲፐስ ጠባይ ውስጥ አንድ መጥፎ ነገር ፍለጋ ይገባል። ቁጣ፣ ትዕቢት፣ ጥርጣሬ፤ የቀናው አንዱን ይዞ ይወጣል። አሪስቶትል የሚያወራው ግን ስለ ስሕተት ነው። ምዕራፍ 14 ላይ ኤዲፐስን ከሚጠቅስበት ቦታ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። ሰውዬው አሰቃቂውን ነገር የሚያደርገው ሳያውቅ ነው፤ ዝምድናውን የሚያውቀው በኋላ ነው። ኤዲፐስ ሽማግሌውን ሲገድል አባቱ መሆኑን አላወቀም። ንግሥቲቱን ሲያገባ እናቱ መሆኗን አላወቀም። ስሕተቱ ይህ ነው።

ታዲያ ቁጣውስ? አለ። ቲሬስያስን ይሰድባል፣ የዮካስታን ወንድም ክሬዎንን ያለ ማስረጃ በሴራ ይከሳል። መንገድ ላይም የገደለው ተቆጥቶ ነው፤ ሽማግሌው አስቀድሞ በመውጊያ መትቶት ነበር። ስለዚህ «ጠባዩ ምንም ድርሻ የለውም» ብላችሁም አትጻፉ። እንዲህ ሞክሩት፦ አንድ ጠባይ ከኤዲፐስ ላይ አንሱና ተውኔቱን በሐሳባችሁ ደግማችሁ አጫውቱት። ቁጣውን ብታነሱ መንገድ ላይ ያለው ነገር ሊለወጥ ይችላል፤ ጋብቻውን ግን ቁጣ አላመጣውም። እውነትን ለማወቅ ያለውን ግትርነት ብታነሱስ? ተውኔቱ 1072 ላይ ያበቃል። ዮካስታ ተው ስትለው ይተዋል። ስለዚህ ወደ ጥፋቱ የሚገፋው በጎ የምንለው ጠባዩ ሆኖ ይገኛል። «ጉድለቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይህን የሚያይበት ዓይን የለውም።

ትዕቢትን በተመለከተ፦ ሁብሪስ የሚለው ቃል በተውኔቱ ሁለተኛ ስታሲሞን (873) ላይ በግልጽ አለ። በምዕራፍ 13 የጀግና መመዘኛ ውስጥ ግን የለም። ስለ ሁብሪስ መጻፍ ከፈለጋችሁ የመዘምራኑን ዝማሬ ጥቀሱ። «አሪስቶትል እንዳለው» አትበሉ።

የዕጣ ፈንታ ጥያቄም የሚመለሰው እዚሁ ነው። ሁለት ዓምድ ሥሩ። በአንዱ የተተነበየውን፣ በሌላው ራሱ የመረጠውን አስፍሩ። አባት መግደሉና እናት ማግባቱ በዴልፊ ተተንብዮአል። ዓይነ ስውር ሆኖ እንደሚሰደድም ቲሬስያስ ነግሮታል። ገዳዩን ፈልግ የሚለው ትእዛዝም ከዴልፊ የመጣ ነው። ግን ዮካስታ ስትለምነው እንዲቀጥል፣ እረኛውን አስፈራርቶ እንዲያናግር ያስገደደው የለም። 1329 ላይ ራሱ ያካፍለዋል፦ መከራዬን ያመጣው አፖሎ ነው፣ ዓይኔን የመታው እጅ ግን የእኔ ነው። ዓምዶቹን ከሞላችሁ በኋላ «ዕጣ ፈንታ ወይስ ነጻ ፈቃድ?» ለሚል የፈተና ጥያቄ ከመጽሐፉ የተገኘ መልስ አላችሁ።

ደረጃ 7፦ መዘምራኑን አትዝለሉ

ዝማሬዎቹ ከባድ ናቸውና ተማሪ ይዘላቸዋል። ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ከዝማሬው በፊት ምን ታወቀ? ዝማሬው ምን ይሰማዋል?

ሦስተኛውን ስታሲሞን ውሰዱ። ዮካስታ ሮጣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብታለች። መዘምራኑ ግን በደስታ ይዘምራሉ፤ ንጉሣችን የኪቴሮን ተራራ ልጅ ነው፣ ምናልባትም የአምላክ ዘር ነው ይላሉ። ከጥቂት መስመሮች በኋላ ሁሉም ይፈርሳል። ሶፎክልስ ይህን ዘዴ በ«አንቲገኒ» እና በ«አያክስ»ም ተጠቅሞበታል፤ ከጥፋት በፊት ደስታ ያስቀድማል።

ማሳሰቢያ፦ መዘምራኑ የደራሲው አፍ አይደሉም። እዚህ የቴብስ ሽማግሌዎች ናቸው። ይፈራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ሐሳብ ይቀይራሉ። የእነሱን ቃል «የተውኔቱ መልእክት» ብላችሁ አትጥቀሱ።

ደረጃ 8፦ ሐዘኔታውንና ፍርሃቱን ምልክት አድርጉ

ካታርሲስ፣ ማለትም ትራጀዲ በሐዘኔታና በፍርሃት ያመጣዋል የሚባለው መንጻት፣ በትክክል ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ገጽ አትጨርሱ። አሪስቶትል በትራጀዲ ትርጓሜው ውስጥ ይጠቅሰውና «ፖየቲክስ» ላይ ሳያብራራው ያልፋል፤ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የምትችሉትን ሥሩ። የፈራችሁበትንና ያዘናችሁበትን መስመር ለዩ። ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ ከማወቁ በፊት፣ ሐዘኔታው ከማወቁ በኋላ ይገኛል። መጨረሻ ላይ ዓይነ ስውሩ አባት ሁለት ትናንሽ ሴት ልጆቹን ሲዳስስ ፍርሃት የለም።

ደረጃ 9፦ ጻፉ

አንድ አንቀጽ፣ አንድ ነጥብ፣ ቢያንስ አንድ የመስመር ቁጥር። የመስመር ቁጥር ልታስቀምጡለት ያልቻላችሁት ነጥብ ከማጠቃለያ የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል መልሳችሁ ፈትሹት።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

«አሪስቶትል ሦስት አንድነቶች ደንግጓል።» አጥብቆ የሚጠይቀው የድርጊት አንድነትን ነው። ስለ ጊዜ፣ ትራጀዲ በአንድ የፀሐይ ዑደት ውስጥ ለመቆየት ይሞክራል ብሎ ያልፋል። የቦታ አንድነትን የጨመሩት የኋላ ሰዎች ናቸው። የኤስኪለስ «ዩሜኒደስ» ከዴልፊ ተነሥቶ አቴና ይጨርሳል።

«ትራጀዲ በሞት ያልቃል።» ያው «ዩሜኒደስ» ተከሳሹ ኦሬስቴስ በፍርድ ቤት ነጻ ወጥቶ በሰላም ያልቃል። ኤዲፐስም አይሞትም።

«ሦስቱ የቴብስ ተውኔቶች ተከታታይ ናቸው።» አይደሉም። «አንቲገኒ» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ የቀረበ ነው፤ ከ«ንጉሥ ኤዲፐስ» ይቀድማል። «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» መድረክ ያየው በ401፣ ሶፎክልስ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ የአንዱን ክሬዎን በሌላው ክሬዎን አታስረዱ።

«እንደ ሐምሌት ነው።» ብዙዎቻችን ትራጀዲን የተዋወቅነው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በሐምሌት ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። የሼክስፒር አምስት ገቢር፣ መድረክ ላይ የሚፈስ ደም፣ ለብቻ የሚነገር ረጅም ንግግር የግሪኩ መለኪያ ሊሆኑ አይችሉም።

«ኤዲፐስ እናቱን ይመኝ ነበር።» ይህ የሥነ ልቦና ተንታኙ የፍሮይድ ጉዳይ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ያለው ሰው ያንን ላለማድረግ አገር ጥሎ የሸሸ ነው።

ሁለተኛ ልምምድ

መንገዱ ገብቷችሁ እንደሆነ በ«አንቲገኒ» ሞክሩት። የደረጃ 6ን አራት ጥያቄዎች አንድ ጊዜ ለአንቲገኒ፣ አንድ ጊዜ ለክሬዎን ጠይቁ። ስሙ የእሷ ነው፤ ዘግይቶ የሚያውቀውና የሚገለበጥበት ግን እሱ ነው። ሁለቱንም ሠንጠረዥ ሳትሞሉ ማን ጀግና እንደሆነ አትወስኑ።

ከዚያ የዩሪፒደስን «ሜዴያ» ውሰዱ። እዚህ አራቱ ጥያቄዎች ያስቸግራሉ። ሜዴያ ልጆቿን የምትገድለው እያወቀች ነው። በመጨረሻም በአያቷ በፀሐይ አምላክ ሠረገላ ታመልጣለች። አሪስቶትልም ይህን አጨራረስ ምዕራፍ 15 ላይ ይነቅፈዋል። መመዘኛው አልገጥም ሲል ተውኔቱን ጎትታችሁ አታስገቡት። የትኛው ጥያቄ «አይ» እንዳለና በየትኛው መስመር እንደሆነ ጻፉ፤ ትንተናችሁን ከዚያ ጀምሩ።